ጭልፊት የፈረንጇን ወስዶ የአበሻዋን ለምን ይተዋል?

ከዘጌ አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «የ45 ቀን የፈረንጅ ጫጩቶች ገዛሁ፤ አብዛኞቹ ነጭ ናቸው። ጓሮ ከለቀቅኋቸው ጀምሮ ጭልፊት እየለቀመ ሊጨርስብኝ ነው። አብረዋቸው የሚጭሩት የአበሻ ጫጩቶች ግን ይተርፋሉ። እየቆዩ ይለምዱ ይሆን? ወይስ ዘራቸው ነው?»

እናቴ፣ ዘራቸው ነው። ይለምዳሉ ብለው ከጠበቁ ያልቁብዎታል።

የአበሻዋን ዶሮ እስኪ ልብ ብለው ይዩዋት። ቆቅማ ወይም ገብስማ ከሆነች የቡና ሥር ደረቅ ቅጠል ላይ ስትተኛ ከአጠገብዎ ሆና ትጠፋብዎታለች። ሰውነቷ ቀላል፣ ክንፏ ብርቱ ነው። ውሻ ቢያባርራት ጣሪያ ላይ ናት። እየጫረች እንኳ በየመሀሉ አንገቷን ዘንበል ታደርግና በአንድ ዓይኗ ሰማዩን ታያለች። ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ወደ ላይ ማየት የሚቀናት እንዲህ ነው። ጭልፊት ስታይ የምታሰማው ድምፅ ለድመት ወይም ለሸለምጥማጥ ከምታሰማው ይለያል። ያንን የሰሙ ጫጩቶች ቁጥቋጦ ሥር ይገባሉ፤ ካልደረሱም ባሉበት ድርቅ ይላሉ።

ይህን መልክና ሰውነት የሰጣት ራሱ ጭልፊቱ ነው። ዶሮ አገራችን ከገባች ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኗታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሩቅ የምትታየው፣ ከባዷና ቀርፋፋዋ እንቁላል ሳትጥል ተበላች። ያመለጠችው ደግሞ መልኳንና ክንፏን ለጫጩቶቿ አወረሰች። አንዲት ዶሮ ስለፈራች ክንፏ አይጠነክርም። ዘሩን የሚለውጡት የተረፉት ናቸው። ጆን ኤንድለር የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ጋፒ በምትባል ትንሽ ዓሣ አሳይቷል። አደገኛ አዳኝ ዓሣ ባለበት ኩሬ የተዋለዱት ጋፒዎች በጥቂት ትውልድ ውስጥ ደማቅ ነጠብጣባቸው ቀነሰ። ሥራው የታተመው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

በአንድ ዕድሜ ሰውነታቸውን የሚለውጡ እንስሳትም አሉ። ስዊድን ውስጥ ካርፕ ከሚባሉት ዓሦች አንዱ ዓይነት፣ አዳኝ ዓሣ ኩሬው ውስጥ ሲገባበት ሰውነቱ ከጀርባ እስከ ሆድ እየሰፋ ያድጋል፤ ለመዋጥ ያስቸግራል። ዶሮ ግን ይህ ስጦታ የላትም።

የፈረንጇ ዶሮ አያት ቅድመ አያቶች የኖሩት ቤት ውስጥ ነው። ሰው የመረጣቸው ለእንቁላልና ለሥጋ ነው፤ ነጭ መሆናቸው አላስበላቸውም። የአበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ ጥሩ የእንቁላል ዝርያ በደንብ ከተያዘች 300 ትጠጋለች። ዶሮዋ ጥፋት የለባትም። ያለ ጣሪያ እንድትኖር አልተፈጠረችም፣ በቃ። የእርስዎዎቹ ደግሞ ያለ እናት ስላደጉ ያንን የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚያሰማላቸው የለም።

ስለዚህ ጣሪያውን እርስዎ ይስጧቸው። ቢያንስ ሦስት ወር እስኪሞላቸው ክፍት ጓሮ አይልቀቋቸው፤ ጭልፊት የሚመርጠው አንሥቶ መብረር የሚችለውን ነው። ከዓሣ አጥማጆች ያረጀ መረብ ይጠይቁና በእንጨት ላይ ወጥረው የመዋያቸውን አናት ይሸፍኑ። በደንብ ይወጠር፤ ከረገበ ዶሮዎቹ ይጠላለፉበታል። መረብ ካጡ ሜዳውን ትተው ጌሾና ቡናው ውስጥ ያውሏቸው፤ ጭልፊት ተወርውሮ የሚወርደው ገላጣ ቦታ ላይ ነው። አንድ ንቁ የአበሻ አውራ ዶሮ ይቀላቅሉባቸው፤ አውራ ጭልፊት ሲያይ ይጮኻል። የዓሣ አንጀት ግቢ አይጣሉ፤ ጭልፊቱን የሚጠራው እሱ ነው። ማታ ለሸለምጥማጥ በሩን ይዝጉ።

መርዝ ግን አደራ! ውሻዎን፣ ጥንብ አንሣውን፣ የጎረቤት ድመት ሳይቀር ይፈጃል።

ለወደፊቱ ማዳቀል ከፈለጉ የአበሻ አውራ በፈረንጇ ላይ ይልቀቁ። ልጆቻቸው ከእናታቸው ያነሰ ይጥላሉ፣ ግን የተሻለ ያመልጣሉ። አንድ የምቆጭበት ነገር ልጨምር። ለበዓል ገበያ የምናወጣው ሁልጊዜ ምርጡን አውራ ነው፤ ለዘር የሚቀረው የተናቀው ነው። ምርጡን ያስቀሩ። ለማስታቀፍም እንቁላል የሚወስዱት ባለፈው ክረምት ብዙ ጫጩት ካሳደገችው ዶሮ ይሁን።