«የመሬት ላራሹ» ቀን ይታወጅ? ጠይቁኝ

ቅዳሜ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን፣ አንድ ወዳጄ «የተማሪዎች ንቅናቄ ለምን ብሔራዊ በዓል አይኖረውም?» ብሎ ክርክር አስነሳ። እዚያ አላለቀም። ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የትኛው ቀን ይሁን ነው የምትሉት?

መልስ፦ ጭቅጭቁ እሱ ነው። ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት በየካቲት 1957 ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967። አንዱ የጠያቂዎቹ ቀን ነው፣ ሌላው የደርግ። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ቀን መምረጥ ይህን ያህል ያጣላል?

መልስ፦ የድል በዓልን ተመልከት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሡ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ተመልሰው ገቡ። ደርግ ሲመጣ ቀኑ ንጉሡን ንጉሡን ሸተተው መሰለኝ፣ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወደወጣችበት ቀን። ደርግ ወደቀ፣ በዓሉም ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። አርበኞቹ ግን ያው አርበኞች ናቸው።

ጥያቄ፦ መስከረም 2፣ የአብዮት በዓሉስ?

መልስ፦ ከደርግ ጋር ሄደ። እኔ በዚያ ቀን ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲያነደኝ ውያለሁ። ዛሬ ልጆቼን ብጠይቅ «የእንቁጣጣሽ ማግስት» ነው የሚሉኝ።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። በዓል ሲጨመር ደመወዜ ይቆረጣል?

መልስ፦ የወር ደመወዝተኛ ከሆንሽ አይቆረጥም፣ የኔ ልጅ። በበዓሉ ቀን ከሠራሽ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሰዓት ክፍያሽ ቢያንስ እጥፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ ሳይዘጋ ማሰብ አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል እንጂ። የካቲት 12ን እየው። በ1929 የተጨፈጨፉት ሰማዕታት ስድስት ኪሎ ሐውልታቸው ሥር አበባ ይቀመጥላቸዋል፤ መሥሪያ ቤት ግን አይዘጋም። ለተማሪዎቹም ይሄ ይበቃል ባይ ነኝ። ወዳጄ በዚህ ተቀይሞኛል።

ጥያቄ፦ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምባላላን፣ ማን አወጀው?

መልስ፦ ማንም! አያንቶዎች ከዋክብት አይተው ቀኑን ይለያሉ፣ ሕዝቡ ወደ በዓሉ አደባባይ፣ ወደ ጉዱማሌ ይወጣል። ዩኔስኮ እንኳ የመዘገበው በ2008 ነው፤ በዓሉ እሱን ሲጠብቅ አልቆየም።

ጥያቄ፦ ዓሣውን ማን ከፈለ?

መልስ፦ ክርክሩን የጀመረው።