አማቴ ሲያጎርሱኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው። ከልጅነቴ ጀምሮ ምግብ እመርጣለሁ። ሽንኩርቱ የሚታይ ወጥ አይወርድልኝም። ጎመንና ስልጆ ገና ሲሸቱኝ ያቅለሸልሸኛል። የምበላው ድንች፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ እንቁላልና ሽንኩርት የሌለበት ሽሮ ነው። ጓደኞቼ «ቅምጥል» ይሉኛል። ለፋሲካ እጮኛዬ ደምቢያ እናቷ ዘንድ ልትወስደኝ ነው። ማጉረስ ይወዳሉ አሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም ዱለት አልበላም። አንዴ አዘዞ ሠርግ ተጠርቼ አክስቴ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተችው። ጨጓራው ጥርሴ ላይ ሲንሸራተት እንባዬ መጣ። በጉንጬ እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ የቀረውን ውሻው ያውቃል። ስመለስ ሁለተኛው ተጠቅልሎ ይጠብቀኛል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባል የለ!

እኛ አገር ጉዱ የሚወጣው ትሪው ላይ ነው። ሽንኩርቱን ወደ ዳር ስትገፋ ሁሉም ያይሃል። ባለሙያዋም «ወጤ አልጣመውም» ብላ ትከፋለች። ስለዚህ ቀድመህ አስነግር። አንተ ሳትሆን እጮኛህ፣ ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብላ፣ «ከልጅነቱ እንዲህ ነው፤ እንቁላል ግን ይወዳል» ትበላቸው። ደግሞ ዶሮ ወጥ አይከብድህም። ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ ሲቁላላ ስለሚውል ይሟሟል። ከመቀመጥህ አንተ ቀድመህ አጉርሳቸው። ከዚያ «ከእንቁላሉ ያጉርሱኝ» ብትል ማን ይቀየማል?

እኔን የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እንቁላሉ ሲቀር ምን ተረፈህ? ሽሮህን እንዳትተው። ሽንኩርቱን ፈጭተህ ጥቂት ጨምርበት። ምስር ወጥም በማንኪያ ጫፍ ቅመስ። ካስጠላህ ተወውና ሌላ ቀን ሞክር። ምላስ ቶሎ አይለምድም፤ አሥር ጊዜም ሊፈጅ ይችላል።

ከሳህ፣ አዞረህ፣ ወይም ሰው ቤት መሄድ እስከመተው ከደረስክ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. አርፊድ የሚል ስም የሰጠው ችግር አለ። ልክሳ ከማለት ጋር አይገናኝም። ሰውየውን ምግቡን የሚያስጠላው ሽታው፣ አፍ ውስጥ ያለው ስሜት፣ ወይም ያንቀኛል የሚል ፍርሃት ነው። ምግብ የመረጠ ሁሉ ግን አርፊድ አለበት ማለት አይደለም።

ጠላ ከቀረበልህ ደግሞ ሳትግደረደር ጠጣ፤ እሱስ ሽንኩርት የለበትም።