ብቻዬን ሮክ ኮንሰርት ልሂድ ወይ ላልሽው እህቴ

«ከጃኖ ባንድ ሌላ ሮክ ሰምቼ አላውቅም። የሥራ ባልደረባዬ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው «9:30» የሚባል የሙዚቃ ክለብ ትኬት ሰጠችኝ፤ እሷ ግን መምጣት አልቻለችም። ብቻዬን ብሄድ አይደብረኝም? ጩኸቱስ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እህቴ፣ ሂጂ። እኔ ዲሲ ከገባሁ ጀምሮ በየሁለት ወሩ ቢያንስ አንዴ ሄጄ እሰማለሁ። ብዙውን ጊዜም ብቻዬን ነኝ።

በመደበሩ ልጀምር። እኛ ሙዚቃ ያለበት ቦታ ስንሄድ ከኛ የሚጠበቅ ነገር አለ። አዝማሪ ቤት ስትገቢ ስምሽ ተጠይቆ ግጥም ይወጣልሻል፣ አንቺም ትሸልሚያለሽ። ሠርግ ላይ እጅሽ ተስቦ ትነሻለሽ። ደስ ይላል፣ በጣም እወደዋለሁ። ሮክ ክለብ ውስጥ ግን ማንም ምንም አይጠብቅብሽም። መብራቱ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ መድረኩ ያዞራል። እጅሽን አጣጥፈሽ ብትቆሚም፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትወዛወዢም ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስተናግድ ለሚውል ሰው ይሄ እውነተኛ ዕረፍት ነው። የመጀመሪያ ቀን ከሥራ በቀጥታ፣ እግሬን እየጎተትኩ ነበር የሄድኩት። ስወጣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ወርዶልኝ ነበር።

ጩኸቱን በተመለከተ ግን አልዋሽሽም፤ ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ትንሽዬ ቤት ውስጥ ስፒከሩ ሥር ቆሜ አመሸሁ። ጆሮዬ ሁለት ቀን ሙሉ ጭው ሲል ከረመ። በጣም ፈርቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኞች ያወጣው ገደብ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ሮክ ኮንሰርት ደግሞ 100 መድረሱ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ ሳትይዢ እንዳትሄጂ። ፋርማሲ የሚሸጠው ስፖንጅ ይበቃሻል። በጣቶችሽ መሃል አሽተሽ እንደ ክር አቅጥኚው። በሌላው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይ ሳብ አድርጊና አስገቢው። ስፖንጁ ተነፍቶ ቀዳዳውን እስኪሞላ በጣትሽ ያዢው። ብዙ ሰው ይሄን የመጨረሻውን ስለሚዘለው ነው «አይሠራም» የሚለው። ከወደድሽውና መመላለስ ከጀመርሽ ለሙዚቀኞች የሚሠራውን ግዢ። ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚያፍን ዘፈኑ ይደበዝዛል፤ ያኛው ግን ሁሉንም እኩል ነው የሚቀንሰው፣ ግጥሙም ጥርት ብሎ ይሰማል።

ቀጥሎ የምትቆሚበት ቦታ ነው። ከፊት መጋፋት ይቅርብሽ። ከመድረኩ ትይዩ፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ቁልፎችና ትንንሽ መብራቶች የሞሉበት ጠረጴዛ ፈልጊ። ድምፁን የሚያስተካክለው ሰው እዚያ ነው ያለው። ሁሉንም የሚመጥነው ለራሱ ጆሮ ስለሆነ፣ እሱ አጠገብ የቆመ ጥሩውን ይሰማል። 9:30 ደግሞ ለዚህ የተመቸ ቤት ነው። 1,200 ሰው ያህል ይይዛል፣ ሰገነት አለው። መድረኩ ጎማ ስላለው ሰው ሲያንስ ወደ ፊት ይገፋል፤ አዳራሹ ጭር አይልብሽም። ስሙ ግራ እንዳያጋባሽ፣ ሰዓት አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. ሲከፈት አድራሻው ኤፍ ጎዳና ቁጥር 930 ነበር። አሁን ወዳለበት ቪ ጎዳና የመጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በር የሚከፈትበት ሊሆን ስለሚችል ለይተሽ እይው። ግን አታርፍጂ። ከዋናው ባንድ በፊት የሚጫወተውን መክፈቻ ባንድ አብዛኛው ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አሁን ድረስ የምሰማቸውን አንዳንዶቹን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከሁሉ የምወደው ደግሞ በሁለቱ ባንዶች መሃል ያለውን ጊዜ ነው። ሠራተኞቹ ገመድ ይጠቀልላሉ። አንዱ የዘፈኖቹን ዝርዝር በፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጥፋል። ሌላው ድራሙን በእግሩ አንዴ ዱም ያደርገዋል፣ ደረትሽ ውስጥ ይሰማሻል። ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ዝም ይላል።

ጫማሽ ተረከዝ አይኑረው፣ ሦስት ሰዓት ያህል መቆም አለ። መታወቂያ ያዢ። ቲሸርት ከገዛሽ ከባንዱ ጠረጴዛ ግዢ፣ እነሱን ይጠቅማል።

ሲያልቅ ሰው ወደ ሜትሮው ይጎርፋል። አንቺ አትቸኩይ። 9ኛው ጎዳና ላይ ያሉት የኛ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ናቸው። ትኩስ ሽሮ አዝዘሽ ቁጭ በይ፣ ጆሮሽም ይረፍ። የባንዱን ስም ግን አልጻፍሽልንም። የማውቃቸው ከሆኑ ቀድመሽ የትኞቹን ዘፈኖች ብትሰሚ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።