ውርርድ ሳትቀበል «ቁማር ነው» ብለው አካውንት ሲዘጉብህ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ላላነበቡት ባጭሩ፦ እዚሁ ባሕር ዳር ሆነህ የእግር ኳስ ግምት በወር ክፍያ የሚሸጥ ዌብሳይት ከፍተሃል። ደንበኞችህ ውጭ ያሉ ሀበሾች ናቸው፤ ብሩ የሚገባው አሜሪካ ባለችው እህትህ ስም በተከፈተ አካውንት ነው። አሁን የክፍያ ድርጅቱ «ከቁማር ጋር የተያያዘ» ብሎ አካውንቱን ዘጋ፣ ገንዘቡንም ያዘ። አንተ ደግሞ «እኔ ውርርድ አልቀበልም፣ ታዲያ በምን ሒሳብ?» ትላለህ።

እኔ ፔዳ አካባቢ ዌብሳይት እሠራለሁ። እንዲህ ዓይነት ጣጣ ይዘው የሚመጡ ልጆች ስላሉ ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ድርጅት ብቻውን አይወስንም። ከኋላው ባንክ አለ፣ ከባንኩ ኋላ ደግሞ ቪዛና ማስተርካርድ አሉ። በካርድ የሚቀበል ነጋዴ ሁሉ እንደ ሥራው ባለ አራት አሃዝ ኮድ ይሰጠዋል፤ የውርርዱ 7995 ነው። የከፋዩ ባንክ ይህን ኮድ ሲያይ ክፍያውን አላሳልፍም ሊል ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው ሕግ ሕገወጥ የኢንተርኔት ቁማር ክፍያን እንዲያግዱ ባንኮችንና የክፍያ ድርጅቶችን ያስገድዳል። እንግሊዝም ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከልክላለች። ስለዚህ ብዙ ድርጅቶች ይህ ሕጋዊ ነው ያኛው አይደለም እያሉ ከመለየት ጭራሽ አለመጠጋትን ይመርጣሉ። ስትራይፕ የሚባለውን የክፍያ ድርጅት ክልከላ ብታነበው ካዚኖና ሎተሪ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሽልማት ያለበት የስፖርት ግምትም ተጽፏል።

አንተ ጋ ግን ከሕጉ በላይ የሚያስፈራቸው ቻርጅባክ ነው፤ ደንበኛው የከፈለውን በባንኩ በኩል ሲያስመልስ ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ጨዋታ ትኬቱን ይበላበታል። ደንበኛው ይናደዳል። ሰኞ ባንኩ ጋ ደውሎ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ይላል። ብሩ ይመለስለታል፣ ቅጣቱ አንተ ላይ ይወድቃል፣ አንተ ካልከፈልክ ደግሞ ድርጅቱ ከኪሱ ይከፍላል። ገንዘቡን የያዙትም ለዚህ ነው፤ እንዲህ ዓይነት እገዳ እስከ 180 ቀን የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ደግሞ ገጽህን በእነሱ ዓይን እየው። አንድ ደንበኛዬ እንደ አንተ «እኔ ትንተና ነው የምሸጠው» ብሎ መጣ፣ አብረን ከፈትነው። ከላይ የቤቲንግ ድርጅት ባነር አለ፣ ሲነካ ወደ መመዝገቢያው ይወስዳል፣ ለእሱም ኮሚሽን ይከፈለዋል። ከሥሩ የኦድ (ውርርዱ ሲያሸንፍ ስንት እጥፍ እንደሚከፍል የሚያሳይ ቁጥር) ሰንጠረዥ። ከዚያ ያሸነፉ ትኬቶች ፎቶ፣ «100% ሹር» የሚል ቀይ ጽሑፍ። ገምጋሚው አማርኛ ባይችል እንኳ ይህን ለማየት ደቂቃ አይፈጅበትም። ከዚህ በኋላ ውርርድ አልቀበልም ማለት ብዙም አያስኬድም።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር አለ። አስተያየት ላይ አንዱ «በሌላ ስም ክፈት፣ የኦንላይን ኮርስ ነው በል» ብሎሃል። እባክህ አታድርገው። የሥራውን ዓይነት ደብቆ ክፍያ መቀበል እዚያ አገር ተራ ጥፋት ተደርጎ አይታይም፤ ማጭበርበር ነው የሚሉት። ማስተርካርድ ማች የሚባል መዝገብ አለው፤ በከባድ ጥሰት አካውንቱ የተዘጋበት ነጋዴ ስም እዚያ ይገባና አምስት ዓመት ይቆያል። ሌላ ድርጅት ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የሚመዘገበው ያንተ ስም እንዳይመስልህ። ጦሱ ለእህትህ ነው የሚተርፈው፤ ነገ እሷ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ብትል በሯ ተዘግቶ ይጠብቃታል።

ይልቅ ዛሬውኑ አዲስ ምዝገባ አቁም። ድርጅቱን ሪፈንድ መላክ ይፈቀድልኝ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ ከፈቀዱ ወሩ ያላለቀላቸውን ደንበኞች ራስህ መልስላቸው፣ ቻርጅባክ ከመጠበቅ ይሻላል። ከዚያ በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቃቸው፦ የትኛውን ደንብ ጣስኩ፣ ገንዘቡ መቼ ይለቀቃል፣ ስማችን ማች ላይ ገብቷል ወይ። እንዳትቆጣ፣ እንዳትዋሽ።

ሥራውን መቀጠል ከፈለግህ የሚሸጠውን ለውጠው። ያ ደንበኛዬ ባነሩን፣ ኦዱንና የትኬት ፎቶውን አወጣና የቡድን ስታቲስቲክስና የጨዋታ ትንተና ብቻ አስቀረ። ከዚያ ለሌላ ድርጅት ድሮ ምን ይሸጥ እንደነበር ሳይደብቅ ጽፎ አመለከተ፣ ተቀበሉት። ገቢው መቀነሱን አልደብቅህም። ግምት መሸጡን አልተውም ካልክ ግን ይህን ሥራ አውቀው የሚቀበሉ ድርጅቶች አሉ፤ ኮሚሽናቸው ከፍ ያለ ነው፣ ከእያንዳንዱ ክፍያም ላይ ለወራት የሚይዙት መቶኛ አላቸው። የአገር ውስጥ ጌትዌይ (የኦንላይን ክፍያ ተቀባይ ድርጅት) ደግሞ ቲንና ንግድ ፈቃድ ይጠይቅሃል፣ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሥራም ከምትሸጠው ጋር መግጠም አለበት።

ለድርጅቱ የምትልከውን ደብዳቤ ጽፈህ የአካውንቱን ቁጥር ሰርዘህ እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ። ከመላክህ በፊት ግን ለእህትህ ደውልና ሁሉንም ንገራት፤ አካውንቱ በስሟ ስለሆነ ደብዳቤውም ከእሷ መሄድ አለበት።