ክንፉን ከመሸፈናችሁ በፊት

ለጎንደር ልጆች፣

በዚህ ክረምት ጥቂቶቻችሁ በሽቦ የሚበር የድሮ ሞዴል አውሮፕላን ከኪት (ተቆርጠው በሳጥን ከሚመጡ ቁርጥራጮች) ልትሠሩ እንደተነሳችሁ ሰምቼ በጣም ደስ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአውሮፕላን ጥገና ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው የምኖረው። የማውቀውን ሳልነግራችሁ እንድትጀምሩት ስላልፈለግኩ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ነገሩን ገና ላልሰማ ወንድም ወይም እህት በአጭሩ ልንገር። ይህ ሞዴል ሬዲዮ የለውም። አብራሪው መሀል ሜዳ ይቆማል፤ አውሮፕላኑ በዙሪያው ይከንፋል። ሁለቱን የሚያገናኟቸው ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ናቸው። እጀታውን ወደ ላይ ስታዘነብሉ አንዱ ሽቦ ይሳባል፣ ሌላው ይለቃል። ያኔ ክንፉ ውስጥ ያለችው ቤልክራንክ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ትዞራለች። እሷ ዘንግ ትገፋለች፣ ዘንጉ ጭራው ላይ ያለውን ኤሌቬተር፣ ማለትም አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረውን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ያንቀሳቅሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሜሪካዊው ጂም ዎከር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፋየርቦል በሚባል ሞዴሉ ይህን አበራረር በሰፊው አስለመደው። ከዚያ ወዲህ የመሪው አሠራር ያን ያህል አልተለወጠም።

ቀላል ይመስላል፤ ግን የሚሸከመውን ኃይል አስሉት። 1 ኪሎ የሚመዝን ሞዴል በ18 ሜትር ሽቦ ላይ አንድ ዙር በ5 ሴኮንድ ቢጨርስ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እጃችሁን የሚጎትተው ደግሞ ወደ 3 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። ይህ ሁሉ ጉተታ የሚያርፈው ክንፉ ውስጥ ተደብቃ በተቀመጠችው በዚያች ቁራጭና በአንዲት ብሎኗ ላይ ነው። ዋናው ልነግራችሁ የፈለግኩትም እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም አብልጣችሁ ተጠንቅቃችሁ ሥሩ የምላችሁ ከተሸፈነ በኋላ ማንም የማያየውን ክፍል ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ክንፍ ይዞ ቤቴ መጣ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብቶታል። እውነት ለመናገር ሲያዩት ያምራል። ሽቦዎቹን ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኳቸው። መሀል ላይ ትንሽ የመፋተግ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ያዝ አደረገ። አንደኛው ሽቦ የውስጡን እንጨት እየነካ ነበር። እንክፈተው አልኩት። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ብዙ ሌሊት የለፋበት ቀለም ነው። ግን ከፈትነው። ቤልክራንኳ የተቀመጠችበት ኮምፔርሳቶ በኮላ የተያዘው በአንድ በኩል ብቻ ነበር። ሜዳ ላይ ያ ቢለቅ ኖሮ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ነገር ከእጁ አምልጦ ወደ ሰው ይሄድ ነበር። ልጁ እንደገና ሠራው፣ አሁን ይበራል።

በትልቁ አውሮፕላን ጥገና ላይ የመሪ ኬብል የነካ ቴክኒሻን ሥራውን ብቻውን አይዘጋም። ሌላ ብቁ ሰው መጥቶ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ፣ ከዚያ ይፈርማል። ይህ ሰውየው ስላልታመነ አይደለም። የራሱን ሥራ የሚያይ ዓይን ያለውን ሳይሆን ያሰበውን ስለሚያይ ነው። እናንተም ይህን ልማድ አሁኑኑ ያዙት። ክንፉን ከመሸፈናችሁ በፊት ጓደኛችሁን ጥሩ። እሱ ይሳበው፣ እሱ ያንቀሳቅሰው፣ እሱ ጉድለት ይፈልግበት። ጉድለት ካገኘ አትቀየሙት፤ አመስግኑት። ጓደኛ ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ይዛችሁት ኑ።

አሁን ወደ ኪቱ። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ የድሮ ኪት ሳጥኑ ሲከፈት ደስ ይላል። ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ንደፉት። አንዱ ቢሰበር ወይም ሁለተኛ መሥራት ብትፈልጉ መነሻው እጃችሁ ላይ ይሆናል። በድሮው ዘመን ቁርጥራጮቹ የሚወጡት በብረት ቅርጽ ማተሚያ ተጨፍልቀው ስለነበር ጠርዛቸው ብዙ ጊዜ የተቦጨቀ ነው። በስል ምላጭ አስተካክሏቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሷቸው። የኪቱ የብረት ክፍሎች ጥሩ ከሆኑ ይሠራሉ። የፕላስቲክ ማጠፊያ ግን በዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ቀይሩት። ዝገት የነካው ሽቦ ደግሞ ለጌጥ እንኳን አያስፈልግም፣ ጣሉት።

ሞዴሉ የሚሠራበት ባልሳ ከደቡብ አሜሪካ፣ በተለይ ከኢኳዶር የሚመጣ እንጨት ነው። ከአንዱ ሉህ ወደ ሌላው ክብደቱ በጣም ይለያያል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ካላችሁ መዝኑት። ቀላሉን ለጭራ አድርጉት። ጭራ ላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ግራም አፍንጫ ላይ ሌላ ክብደት ታስጨምራለች። ጭራው የከበደ ሞዴል ደግሞ አይታዘዝም። የክብደት ማዕከሉ ዕቅዱ ላይ ከተሳለበት ቦታ ወደኋላ እንዳይሄድ፤ ትንሽ ወደፊት ቢሆን ይሻላል።

የእኛ ክረምት ሌላ ጣጣ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ባልሳ ይጣመማል። ክንፉን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በስፒል ወጥራችሁ ሥሩ፣ ማታም እዚያው ይደር። ካለቀ በኋላ ከኋላ ሆናችሁ በአንድ ዓይን እዩት። የግራና የቀኙ ጫፍ እኩል ካልተኛ አየር ላይ ይዘነብላል። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ሽቦው ይላላል፣ ሽቦው ከላላ ደግሞ መሪ የለም። ነዳፊዎቹም ይህንኑ ፈርተው ነው ከአብራሪው በሚርቀው ክንፍ ጫፍ ትንሽ ክብደት የሚከትቱት፣ ሞተሩንም ጥቂት ወደ ውጭ የሚያዞሩት። ዕቅዱ ላይ ስታዩት ስህተት መስሏችሁ እንዳታቃኑት!

ከፍታችንንም አትርሱ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በ10 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የኪቱ መመሪያ «ይበራል» የሚለው ክብደት እዚህ ሊከብድ ይችላል። ቀለም አታብዙ። እኔ ብሆን በካውያ የሚለጠፈውን ቀጭን ላስቲክ እመርጣለሁ።

ስለ ሞተር ብዙ አልልም። የድሮዎቹ ሞተሮች የሚጠጡት ሜታኖልና የጉሎ ዘይት ድብልቅ ነው። ሽታውን እወደዋለሁ። ግን ሜታኖል መርዝ ነው፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። ለጀማሪ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ጊዜው ሲደርስ ከሚያጠፋው ሰዓት ቆጣሪ ጋር ይበቃል። የድሮ ሞዴል ላይ አዲስ ሞተር መግጠም ነውር አይደለም።

ሜዳ ሌላው ራስ ምታት ነው። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ጠፍጣፋ ቦታ ያለው ለኳስ ነው። የኳስ ሜዳ ይበቃል፤ ባለቤቱን ወይም ኃላፊውን አስፈቅዱ። አዘዞ ሰፊ ነው ብላችሁ ወደ አየር ማረፊያው እንዳትጠጉ። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ላይ ተመልከቱ። የመብራት መስመር ባለበት አካባቢ ፈጽሞ አታብሩ። የያዛችሁት የብረት ሽቦ ነው። ያ ሽቦ የመብራት መስመር ከነካ የሚገድለው እናንተን ነው። ዝናብ ሲያጉረመርም፣ መብረቅ ሲታይም ጠቅልላችሁ ወደ ቤት። ይህችን ለትንንሽ ወንድሞቻችሁ ሳይቀር ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ክቡን በኖራ አስምሩ። ሕፃናት መሮጣቸው አይቀርም፣ በጎችም ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሥራው ጥበቃ ብቻ ይሁን። የእጀታውን ማሰሪያ አንጓችሁ ላይ አጥብቁ። ከመብረሩ በፊት ጓደኛችሁ ሞዴሉን ይያዝና ሽቦውን በኃይል ሳቡት። በውድድር ደንብ ለአክሮባት ሞዴል የሚጠየቀው የክብደቱ 10 እጥፍ ነው። መጨረሻ ላይ እጀታውን ወደ ላይ አዘንብሉ፤ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ይሄዳል? ሽቦዎቹ ተገላብጠው ከታሰሩ «ውጣ» ስትሉት መሬት ይገባል። በትልቁ አውሮፕላንም አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት ይህንኑ ያረጋግጣሉ።

ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ አብሩ። አንጓችሁን አታንቀሳቅሱ፤ ክንዳችሁን ከትከሻ ብቻ አንቀሳቅሱ። ጀማሪን የሚጥለው ብዙ ማዘዝ ነው። ዓይናችሁ ከአውሮፕላኑ አይነቀል፤ ከኋላው ያለውን ዛፍ ካያችሁ ራሳችሁ ይዞራል። የመጀመሪያዎቹን በረራዎች ከፍታውን ሳትቀያይሩ ዙሩ፣ ሌላ ምንም አትሞክሩ። ቀጥሎ ለስለስ ያለ መውጣትና መውረድ። ሉፕ (አየር ላይ ሙሉ ክብ መገልበጥ) የሚመጣው ነፋሱን በጀርባችሁ ማድረግ ስትለምዱ ነው።

በአገራችን አውሮፕላን በእጅ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራት «ፀሐይ» በ2024 ከጣሊያን ተመልሳለች። ዕድሉ ሲገኝ ሄዳችሁ እዩዋት። የክንፏን መገጣጠሚያ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።

የመጀመሪያ ሞዴላችሁ አካሉ ጠፍጣፋ ጣውላ የሆነ፣ እንደ ሪንግማስተር ያለ ይሁን። ሲወድቅ ለመጠገን ይቀላል፤ መውደቁም አይቀርም። ጆርጅ አልድሪች የነደፈው ኖብለር ከዚያ በኋላ ይምጣ። እሱ ከኤሌቬተሩ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ፍላፕ (ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለ ተንቀሳቃሽ ክፍል) አለው፤ ስለዚህ በውስጡ ብዙ ዘንግና ብዙ መገጣጠሚያ ይደበቃል። እሱን የምትጀምሩ ዕለት ጥሩኝ፤ እኔም አብሬያችሁ መሥራት እፈልጋለሁ።