አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት ካርድ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። አዳማ ውስጥ የ5ኛ ክፍል ሂሳብ መምህርት ነኝ። 48 ተማሪዎች አሉኝ። ከፊሎቹ ማባዛት ገና አልገባቸውም፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ይጠሩታል። አይሲቲ ክፍላችን ውስጥ 16 አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ብሎክ እየደረደሩ በሚገነቡበት የኮምፒውተር ጨዋታ በማይንክራፍት ሁሉንም ተማሪ እንደየአቅሙ ማስተማር ይቻላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ ልጆቹን ማጫወት ብቻ ነው?

መልስ፦ ይቻላል መምህርት። ግን ጨዋታው ብቻውን ምንም አያደርግልዎትም፤ ሥራውን የሚሠራው እርስዎ የሚያዘጋጁት ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ነገር እንጨርስ። ለትምህርት ቤት የተዘጋጀው ማይንክራፍት ፈቃድ ይገዛለታል፣ ለመግባትም የትምህርት ቤት የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል። ለእርስዎ ማይንክራፍትን የሚመስለው ሉዋንቲ ይሻላል። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ማይንቴስት ይባል የነበረው ነው። ነፃ ነው፣ ብዙ አቅም በሌለው ኮምፒውተርም ይሠራል። ፕሮግራሙ ብቻውን ባዶ ስለሆነ ጨዋታውንም አብረው ያውርዱ፤ ማይንቴስት ጌም የሚባለው ይበቃዎታል። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርደው በፍላሽ ይዘው ይምጡ። ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር ያደርጉታል፣ ሌሎቹ በኬብል ወይም በራውተር ይገናኛሉ። ኢንተርኔት ቢጠፋም አይቆምም። ሲከፍቱት ክሪኤቲቭ (ብሎኩ ሁሉ ሳይፈለግ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት) ላይ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ልጆቹ እንጨት ሲቆርጡና ማዕድን ሲፈልጉ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። እኔ ብሆን የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ነበር የምሰጣቸው። ሌላ ሕንፃ ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ እሱ ግን ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በጨዋታውም መሬቱን ቆፍሮ ማውጣት ይቻላል፣ ለይዘት (ቮልዩም) ትምህርት ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። እውነተኛውን ልክ ይተዉትና ለቁጥር የሚመች ትንሽ ይሥሩ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ብሎክ የሆነ መስቀል፣ የእያንዳንዱ ክንፍ ወርድ 2፣ ቁመቱ 6። በዙሪያው ያለው ጉድጓድ 10 በ10፣ ጥልቀቱ 6።

ለዚህ አንድ ሥራ ሦስት ዓይነት ካርድ ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ካርድ ላይ መስቀሉ በካሬ ወረቀት ተስሏል፤ ልጆቹ መሬት ላይ ያሰምሩታል፣ ዙሪያውን ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ካርድ ሥዕል የለውም፣ ልኩ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ስፋቱን አስልተው 6 በ6 ከሆነ ካሬ ጋር ያወዳድራሉ። ሦስተኛው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ እንዲቀር ስንት ብሎክ ይወጣል?

የመጀመሪያውን ካርድ ቀላል ነው ብለው እንዳይንቁት። ዙሪያውን ቁጠሩ ሲሏቸው 16 የሚል ልጅ አይጠፋም። መልሱ 24 ነው። ልጁ ጥግ ጥጉን ያሉትን ብሎኮች ነው የቆጠረው እንጂ ጠርዛቸውን አይደለም፣ የክንፉ ጫፍ ላይ ያለ ብሎክ ደግሞ ሁለት ጠርዙ ወደ ውጭ ነው። ደብተር ላይ ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ቁጭ ብላችሁ ብሎኩን በጣት እያሳያችሁ ትነጋገራላችሁ። ሁለተኛዎቹ የመስቀሉም የካሬውም ዙሪያ 24 ሆኖ ሳለ የአንዱ ስፋት 20 የሌላው 36 መሆኑ ይገርማቸዋል፣ ይገረሙ፣ ቶሎ አያስረዷቸው። ሦስተኛዎቹ 600 ላይ 120 ቀንሰው 480 ይላሉ። ቀድመው ለጨረሱ መግቢያውን ቦይ ይጨምሩላቸው፣ ልኩን ራሳቸው ይወስኑ።

ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርገው ያስቀምጡ፣ አራት ኮምፒውተር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሥራ። አራቱ መካከል ሦስቱም ካርዶች ይኑሩ። ያኔ ቁፋሮው ያለ መጀመሪያዎቹ መስመር አይጀመርም፣ የት እንደሚቆምም ያለ ሦስተኛዎቹ ቁጥር አይታወቅም፤ 480ው ለአራት ሲካፈል ለአንድ ኮምፒውተር 120 ይደርሰዋል። ሁሉም ስለሚፈለግ «የደካሞቹ ካርድ» የሚል ስም ቶሎ አይለጠፍም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ካርዱን ያቀያይሩ። በመስከረም ደካማ የተባለ ልጅ እስከ ሰኔ ደካማ ሆኖ እንዲቀር የምናደርገው ብዙ ጊዜ እኛው ነን።

አንድ ለአምስት ላይ ያየነው ነገር እዚህም ይመጣል፦ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል። ስለዚህ አንዱ ማውዝ፣ አንዱ ፕላኑን፣ አንዱ መዝገቡን ይያዝ፤ በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ። ከ40 ደቂቃው የሚተርፈው 10 ደቂቃ ለማብራራት ነው፣ እባክዎ እሱን ለቁፋሮ አይስጡት። ቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች በጣታቸው ፈጣን ስለሆኑ ጎበዝ ይመስላሉ። ማርክ ሲሰጡ በሕንፃው ማማር አይታለሉ። «ይህን ብሎክ ለምን እዚህ አደረግሽው?» ብለው ይጠይቁ፣ በማግስቱም በሌላ ቁጥር ወረቀት ላይ ይሞክሯቸው። ማውዝ ነክተው ለማያውቁት ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ያለ ምንም ትምህርት እንዲጫወቱ ይልቀቋቸው።

መብራት የጠፋ ቀን ካርዶቹ በካሬ ወረቀትና በክብሪት ቀፎ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ11 ዓመት ልጄ አምና ነው ከአዲስ አበባ የመጣው፣ እንግሊዝኛው ገና ነው። አስተማሪው በማይንክራፍት ያሠሯቸዋል። ልጄ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን እየተማረ ይሁን አይሁን አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ማየት ትችያለሽ። ማይክሮሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የትምህርት ቤቱ ማይንክራፍት ውስጥ ካሜራና መጽሐፍ አለ፤ ልጆች የሠሩትን ፎቶ አንስተው ሥሩ ይጽፋሉ። አስተማሪውን የልጅሽን መጽሐፍ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ መሣሪያም አለው፣ ልጅሽ እየተጠቀመበት መሆኑንም ጠይቂ፣ ለእሱ ዓይነት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ስትሆኑ የሠራውን በአማርኛ ያስረዳሽ። ለምን እንደዚያ እንደሠራው መናገር ከቻለ ትምህርቱ ገብቶታል፣ የጎደለው ቋንቋው ብቻ ነው፤ ይህንንም ለአስተማሪው ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ቀላሉን ሥራ እየሰጡት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው። ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት፣ ከቀጠሮው በፊት «አማርኛ» ብለሽ አስመዝግቢ።