«ረፍዶብኛል ወይ?» ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቡና እየጠጣን ድንገት «ጋሼ፣ እኔ ግን አልረፈደብኝም?» አለችኝ። 26 ዓመቷ ነው። አካውንቲንግ ተምራ አራት ዓመት ባንክ ሠርታለች። አሁን ነርስ መሆን ፈልጋለች። ይህን ጥያቄ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ አይደለችም። ሰፈር ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም ወጣቶች ይጠይቁኛል። ሽበት ያለው ሰው መልስ ያለው ይመስላቸዋል መሰለኝ።

«ኧረ ምንም አልረፈደም፣ ዕድሜ ቁጥር ነው» የሚለውን መልስ አልወደውም። እንዲህ የሚሏችሁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስልጠና ሊሸጡላችሁ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? «አዎ ረፍዶብሻል» ደግሞ ውሸት ነው። የእኔ መልስ ሌላ ነው፤ እሱን ለመናገር ግን የአንድ የስሎቬኒያ ብስክሌተኛ ታሪክ ያስፈልገኛል።

አንድ አዲስ አበባ የኖረ ሽማግሌ ከስሎቬኒያ ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ፣ ያገናኘን ጽጋቡ ግርማይ ነው። ቱር ደ ፍራንስ ላይ (ሦስት ሳምንት የሚፈጅ፣ የየቀኑ ሰዓት ተደምሮ አሸናፊው የሚለይበት የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ነው) የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ትልልቆቹ የአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ ሲጋልብ እሱን ፍለጋ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ እውል ነበር። እሱን ስፈልግ ሌላ ሰው ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ፕሪሞዥ ሮግሊች ይባላል። የተወለደው በ1989 ነው። (ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።) ስሎቬኒያ ከጣሊያንና ከኦስትሪያ አጠገብ ያለች፣ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ገደማ የሆነ ትንሽ አገር ናት። ልጁ ያደገው ኪሶቬትስ የምትባል፣ የድንጋይ ከሰል ሲወጣበት በኖረ አካባቢ ያለች ከተማ ውስጥ ነው። ብስክሌተኛ ግን አልነበረም። የበረዶ ሸርተቴ ዘላይ ነበር። እነዚያ ከትልቅ ተራራ ላይ ቁልቁል ተንሸራተው አየር ላይ የሚንሳፈፉትን አይታችኋል? ከእነሱ አንዱ ነበር። በ2007 በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና በቡድን ወርቅ አግኝቷል። በዚያው ዓመት፣ ገና 18 ሳይሞላው፣ ፕላኒትሳ የሚባል የአገሩ መዝለያ ላይ ክፉኛ ወደቀ። ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመታት ሞከረ። ከዋነኞቹ ተርታ ግን መግባት አልቻለም። በ22 ዓመቱ ሸርተቴውን ሰቀለና ብስክሌት ጀመረ።

22 ዓመት ለእናንተ ልጅነት ነው። ለብስክሌት ግን ሽምግልና ነው ማለት ይቻላል። የሚወዳደሩት ልጆች ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ ኮርቻ ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ላውራ፣ ታገሱኝ።

እኔ ድራፍትስማን ነበርኩ። የሕንፃ ፕላን በእጅ እሥል ነበር። ትሬሲንግ ፔፐር ላይ በቀለም ያሰመራችሁት መስመር ከተሳሳተ በላጲስ አይጠፋም፣ በምላጭ ነው የሚፋቀው። ምላጩን ትንሽ ጫን ካደረጋችሁት ወረቀቱ ይበሳል፣ የሦስት ቀን ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ካቀለላችሁት ደግሞ ቀለሙ አይነሳም። ከፋቃችሁ በኋላ ቦታውን በጥፍራችሁ ጀርባ አሸት አሸት ታደርጉታላችሁ፣ አለዚያ አዲሱ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይሰራጫል። ይህን ነገር ጥንቅቅ አድርጌ ለመያዝ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ኦቶካድ የሚባል ፕላን በኮምፒውተር የሚሣልበት ፕሮግራም መጣ። 38 ዓመቴ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ የመሣያ ጠረጴዛችን ተነቃቅሎ መጋዘን ገብቷል። ማንም አልነገረኝም። በቦታው ኮምፒውተር ተቀምጧል፣ አጠገቡ የ23 ዓመት ልጅ አለ፤ ደሞዙ ከእኔ ይበልጣል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነበር፣ እሱን አልቀየምኩም። መሥሪያ ቤቱን ግን እስከ ዛሬ ተቀይሜያለሁ።

እና ሮግሊችን ሳይ ራሴን አየሁ። በእርግጥ እሱ ሻምፒዮን ሆነ፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ግን ነገሩ ያው ነው።

ሮግሊች በ2013 አድሪያ ሞቢል የሚባል የአገሩ ቡድን ገባ። በ2015 የስሎቬኒያን ዙር አሸነፈ። በ2016 ትልቁ የኔዘርላንድስ ቡድን ወሰደውና የቱር የጣሊያን አቻ የሆነው ጂሮ ዲታሊያ ላይ አሰለፈው። በመጀመሪያው ቀን ከኔዘርላንድሳዊው ቶም ዱሞላን በአንድ ሴኮንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ አሸነፈ። 26 ዓመቱ ነበር፤ የእህቴ ልጅ «ረፈደብኝ» ባለችበት ዕድሜ ማለት ነው። ግን ቆይ፣ ታሪኩ እዚህ አያልቅም። እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ስልጠና ሻጭ በሆንኩ ነበር።

ልብ በሉ፣ ያሸነፈው የክሮኖሜትር ውድድር ነው። ብስክሌተኞቻችን ክሮኖሜትር የሚሉት ሰዓት ተይዞላችሁ ብቻችሁን የምትጋልቡበትን ነው። አጠገባችሁ ማንም የለም። ጎንበስ ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ዘርግታችሁ፣ ነፋስ እንዳያገኛችሁ ተጣብቃችሁ ትሄዳላችሁ። አሁን የሸርተቴ ዘላይ ቁልቁል ሲንደረደር አስቡት። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባውን ዘርግቶ፣ ብቻውን! ልጁ ያንን አቀማመጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የድሮ ሙያው ያለ ደሞዝ ተከትሎት መጣ።

ያልተከተለውስ? ሌላው ቀን ከ150 በላይ ጋላቢ በአንድ መንገድ ላይ ክርን ለክርን ተነካክቶ ነው የሚሄደው፤ ግሩፕ የምንለው እሱን ነው። የፊተኛው ጎማ ከእናንተ ጎማ አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው። ያንን ግፊያ የአሥር ዓመት ልጆች በጨዋታ ነው የሚለምዱት፣ በኋላ ሳያስቡ ይሠሩታል። ዘላይ ግን አየር ላይ ማንም አይጋፋውም። ሮግሊች ብዙ ይወድቃል። የሚወድቀው ዘግይቶ ስለጀመረ ነው ብዬ አልምልም፣ ዕድልም አለበት፣ የሌሎች ጥፋትም አለበት። እኔ ግን ሳየው ሁልጊዜ የሚመስለኝ እንደዚያ ነው።

እኔም ኮምፒውተሩ ላይ እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ፕላን ገልጬ ሳይ ደረጃው አንድ መርገጫ እንደሚጎድለው ወዲያው ይታየኝ ነበር። ያ ጎበዝ ልጅ ይህን አያይም። ኪቦርዱ ላይ ግን እሱ አምስት ትእዛዝ ሲጽፍ እኔ አንዱን ፊደል እፈልጋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልደረስኩበትም።

እኔ የምላችሁ ይሄን ነው። ዘግይቶ የገባ ሰው ሂሳብ ይከፍላል። ሂሳቡ የት ጋ እንደሚመጣ ቀድማችሁ እወቁ።

ሮግሊች ሂሳብ የከፈለባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ሁሉም የሚያስታውሰው ግን መስከረም 2020ን ነው፣ እሱም ደግሞ በራሱ ክሮኖሜትር! ቱር ደ ፍራንስ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የመጨረሻው ቀን ሰልፍ ነገር ስለሆነ፣ የሚወሰነው በዚያ ቅዳሜ ነው። ሮግሊች የመሪውን ቢጫ ማሊያ ለብሷል፣ በ57 ሴኮንድ ይመራል። ሁለተኛው ታዴይ ፖጋቻር ነው፣ ያው የአገሩ ልጅ። ዕድሜው 21፣ ከሁለት ቀን በኋላ 22 ይሞላዋል። መንገዱ 36.2 ኪሎ ሜትር ነው፣ መጨረሻው ላ ፕላንሽ ዴ ቤል ፊ የሚባል ዳገት። ፖጋቻር እንደ እብድ ጋለበ። ሮግሊች ደግሞ የሚጋልበው ሰው ሳይሆን የሚሰምጥ ሰው ይመስል ነበር። ሄልሜቱ ወደ ላይ ተንሸራቶ የተዋሰው ቆብ መስሏል። የቡድን ጓደኞቹ ዱሞላንና ዋውት ቫን አርት ጋልበው ጨርሰው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር የለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው የማውቀው። በአንድ ቀን 1 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ አጣ። ቱሩን በ59 ሴኮንድ ተሸነፈ።

ጨርሶ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነስቶ ሄዶ ልጁን አቀፈው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ስንቱ በሄልሜቱ ሙድ ያዘ! እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቅዳሜ 15 ቀን በኋላ ቤልጂየም ውስጥ ሊዬዥ-ባስቶኝ-ሊዬዥ የሚባለው አሮጌ ውድድር ነበር። እሱ ቤቱ ገብቶ ብርድ ልብስ ቢከናነብ ማን ይፈርድበታል? ሄደ። መጨረሻው ላይ ፈረንሳዊው ጁሊያን አላፊሊፕ ያሸነፈ መስሎት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሮግሊች ከጎኑ ብስክሌቱን ወደ ፊት ወርወር አድርጎ በጎማ ቀደመው። እስከ መስመሩ የሚገፋ ሰው ነበር። ደግሞ በኅዳር መግቢያ ላይ የቱር የስፔን አቻ የሆነውን ቩዌልታ ለሁለተኛ ጊዜ በላ።

በ2021 ፓሪስ-ኒስ የሚባለው የፈረንሳይ ውድድር ላይ እየመራ የመጨረሻው ቀን ሁለት ጊዜ ወደቀና አጣው። በዚያው ዓመት ሰኔ 28 ቱር ላይ ወደቀ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ ጥቂት ቀን ቀጠለ፣ ከዚያ አቋረጠ። ሐምሌ 28፣ ልክ በወሩ፣ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ የክሮኖሜትር ወርቅ አገኘ። ሁለተኛውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው የበለጠው። በ2022 ቱርን አቋረጠ። በ2024ም አቋረጠ፣ በዚያው ዓመት ግን በ34 ዓመቱ አራተኛ ቩዌልታውን በልቶ ክብረ ወሰኑን ተጋራ። እንዲህ ነው የሚሄደው። ግሩፑ ውስጥ ይከፍላል፣ ብቻውን ሲሆን ይሰበስባል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ እየነገርኳት ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። «እሺ እኔስ?» አለች። ነገርኳት። ነርስነት ውስጥ ያንቺ ክሮኖሜትር ሂሳቡና መዝገቡ ነው። የመድኃኒት መጠን አትሳሳቺም፤ ሌሊት ለተረኛ የምታስረክቢው ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር አይጎድልም፤ አራት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ሳታዛንፊ ሂሳብ ስትዘጊ ኖረሻል። ያንቺ ግሩፕ ደግሞ እጅ ነው። ደም ሥር ፈልጎ መርፌ ማስገባት። እዚያ ጋ የ18 ዓመት ልጆች ይቀድሙሻል፣ ይስቁብሽም ይሆናል። ስለዚህ እነሱ ሲሄዱ አንቺ ቆዪ። ሃምሳ ጊዜ የሚወጉትን አንቺ ሁለት መቶ ጊዜ ውጊ። ደግሞ የዓመቱን የቤት ኪራይ ሳትቆጥቢ ከባንኩ እንዳትወጪ። እኔ ሳልቆጥብ ነው የተገፋሁት፣ በዚያ ሰሞን የበላሁትን ሽሮ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ትንሽ ዝም አለችና «ሰውዬው ግን በመጨረሻ ቱር ደ ፍራንስን በላ?» አለችኝ።

አልበላም አልኳት። በ2025 ስምንተኛ ወጣ።

ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። ስልኬን አወጣሁና የጂሮ 2023ን ቪዲዮ ከፈትኩላት። ግንቦት 27 ነው፣ ሞንቴ ሉሳሪ የሚባል ተራራ፣ ጣሊያን ከስሎቬኒያ ጋር የምትዋሰንበት ጫፍ ላይ። በልጅነቱ የወደቀበት ፕላኒትሳ ከዚያ ብዙም አይርቅም። እንደገና ክሮኖሜትር፣ እንደገና መጨረሻው ዳገት፣ እንደገና ሁሉም ነገር የሚወሰንበት ቅዳሜ። ብሪታኒያዊው ጄራንት ቶማስ በ26 ሴኮንድ ይመራዋል። መንገዱ በጫካ መሃል የሚወጣ ጠባብ ነገር ነው፣ ዳር ዳሩን ስሎቬኒያዎች ባንዲራ ይዘው ሞልተውታል። ሮግሊች እየቀደመ ነው። ድንገት ቋ! የብስክሌቱ ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ወለቀ። (ካቴና፣ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ቃል፣ እዚያው ጣሊያን ውስጥ ወለቀ።) ወረደ። አይጮህም፣ ብስክሌቱን አይረግጥም። ጎንበስ ብሎ በእጁ ካቴናውን ይመልሳል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደገና ተነስቶ ለመጋለብ የሚገፋው ሰው ያስፈልጋል። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ዘሎ ወጣና እየሮጠ ገፋው።

ያንን ቀን ቶማስን በ40 ሴኮንድ በለጠው። በማግስቱ ሮም ላይ የአሸናፊውን ሮዝ ማሊያ ለብሶ ገባ፣ በ14 ሴኮንድ።

የእህቴ ልጅ ቪዲዮውን አቆመችው። «ይሄ የሚገፋው ሰውዬ ማነው?»

ሚትያ ሜዥናር ይባላል አልኳት። ድሮ አብረው ሸርተቴ ይዘሉ ነበር።

ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ከፈተችው።